«ይጠብቃል» ስላልከው መጋጠሚያ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ፣ ለደብዳቤ መልስ ግን ሰነፍ ለሆንከው ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሳልህ ለቀቀህ? አጠገብህ የሚተኛው ልጅ አሁንም ያንኮራፋል? ምግብ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ትጎርሳለህ? ይህን የመጨረሻውን ጠይቂልኝ ያለችኝ እማዬ ናት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። አያታችን እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸውን ግን አያማቸውም።

ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ ያልከው መልእክት ደርሶናል። እማዬ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ሁለቴም አለቀሰች። እንግዲህ ሻንጣህን ሳትዘጋ ይህን አንብብ። የጭነት መኪናችን፣ ያቺ ወይዘሮ፣ አልተሸጠችም። እንዴት እንደተረፈች ላጫውትህ።

ነገሩ የጀመረው ካንተ ነው። ከናፍታ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው አጠገብ ያለው የቱቦ መጋጠሚያ ላብ ላብ እያለው እንደሆነ አባዬ ሲነግርህ በስልክ ምን ብለህ እንደጻፍክ ታስታውሳለህ? «አትቸኩሉ፣ መጋጠሚያው ይጠብቃል» ነው ያልከው። አንተ ማለትህ ጊዜ ይሰጣል፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እስክነግራችሁ አትንኩት ነው። አባዬ መነጽሩ ጠፍቶበት ስለነበር፣ ግንባሩ ላይ ነበር፣ መልእክቱን ጮክ ብለው ያነበቡለት ጋሼ ናቸው። አጎታችንን ታውቃቸዋለህ፤ ለዕድሜያቸው እንነሣላቸዋለን፣ ለጉልበታቸው እንሸሻቸዋለን። የውሃ ቧንቧውን እሳቸው የዘጉት ዕለት ቤተሰቡ ሳይታጠብ ነው የሚያድረው። እንግዲህ ጋሼ «ብ»ን አላልተው አነበቧት። «ይኸው፣ ቀስ ብላችሁ ካዞራችሁት ይጠብቃል እያለ ነው» ብለው ተረጎሙና መፍቻውን አነሡ። መፍቻው አልበቃ ብሏቸው ጫፉ ላይ ረጅም ብረት ሰኩበት። ፊደሏን አጥብቀው ክንዳቸውን ቢያላሉት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ! ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ «ጠበቀ» አሉ። የቱቦው አፍ ተሰንጥቆ ነበር። ለወደፊቱ ወደ ቤታችን ስትጽፍ እባክህ «ቆዩ» በል፤ እሱን በጉልበት ማንበብ አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮዋ ትንሽ ትነሣና ናፍታ በመሳብ ፈንታ በስንጥቁ አየር እየሳበች ቀጥ ትላለች። እማማ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጠው እንደተሰበረ እጅ ጠመጠሙት። ላስቲኩ ናፍታውን ጠጥቶ አብጦ በነጋታው እንደ ቦካ ሊጥ ተንጠልጥሎ አገኘነው። እማማ «ምን ላድርግ፣ ላስቲኩም የዛሬ ልጅ ነው፣ አይችልም» አሉ።

የጋራዡ ባለቤት ደግሞ መጣ። አጎንብሶ አየ፣ ምላሱን ጣ አደረገ፣ ናፍታው ከሚጠራቀምበት ሰልባትዮ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በሙሉ ይቀየር አለ። ከተነካ አይቀር ፓምፑም ቢታይ ጥሩ ነው ብሎ ጨመረበት። ዋጋውን ሲሰማ ቆሞ የነበረው አባዬ ተቀመጠ። የጡብ ፋብሪካው ካቦ ደግሞ እስከ ሰኞ ካልመጣህ ጭነቱን ለሌላ መኪና እሰጣለሁ ብሎታል። ምን ያድርግ? ብረት ገዢውን ደውሎ ጠራው፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ። አንተም እመጣለሁ ብለህ የጻፍከው ይህን ሰምተህ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ከሥሯ ገባሁ። ስለ ዩኒፎርሜ እማዬ ለብቻው ትጽፍልሃለች። በስልክ መብራት ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበስኩ አየሁት። የተሰነጠቀው አፉ ብቻ ነው፣ ጣት አታህልም። የቀረው ደኅና ነው። ወጥቼ አባዬን «አንድ ጥርስ ስለታመመ መንጋጋ ይነቀላል እንዴ?» አልኩት። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ለመሮጥ ጫማዬን አጠለቅኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና «ጫፉን ቆርጠን የናፍታ ጎማ ብናለብሰውስ? ችግሩ በፊልትሮው በኩል ጎማ የሚይዝ አፍ የለውም» አለ። ለራሱ ነበር የሚያወራው። ቢሆንም «ቆርጠን» ነው ያለው፣ «ቆርጬ» አይደለም፤ እኔ ይህን አላልፍም።

ጎማ የሚይዝ አፍ ያለው መጋጠሚያ ፍለጋ የመለዋወጫ ሱቆቹን አዳረስኩ። ለብቻው አይሸጥም፣ ከነሙሉ ዕቃው ነው የሚሉኝ። ታዲያ አሮጌ መኪና የሚበለተው የት ነው? ብረት ገዢው ግቢ! ዓርብ የቱቦውን አሮጌ መጋጠሚያ ጥርሱን ለማስተያየት በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቅ ፊቱ በራ፤ በማግስቱ መኪናዋን ስለሚወስድ የተዛመድን መስሎታል። ከክምሩ ውስጥ ስቆፍር ቆይቼ ጥርሱ ልክክ ያለውን አገኘሁና ስንት ነው አልኩት። «ለአባትሽ ምርቃት ይሁነው፣ ውሰጂው» አለኝ። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልቀባጠርኩም። ሳትጠየቂ አትመልሺ እያሉ ያሳደጉኝ እማማ አይደሉ?

ያንኑ ዕለት ከሰዓት አባዬ የተሰነጠቀውን ጫፍ በመጋዝ ቆረጠ፤ እኔ በሞረድ አለሰለስኩት። ብናኝ እንዳይገባ ቱቦው ውስጥ ጨርቅ ወትፈን ነበር፣ እሱንም ማውጣት አልረሳንም። ከዚያ የናፍታውን ጎማ በአንድ በኩል ለቱቦው፣ በሌላው በኩል ፊልትሮው ላይ ለገጠምነው ምርቃት አለበስነው። ጎማውንና ጎማውን የሚያንቁትን ሁለት ፋሸታዎች የገዙት ጋሼ ናቸው፤ ካሣዬ ነው አሉ። ፋሸታውን ማን ያጥብቀው ሲባል ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። እማማ «አንተ መብራት ያዝ» አሏቸው። ያን የሚያህል ሰው እንደ መቅረዝ ተገትሮ ስታይ ሳቅህን የት ታደርገው ነበር? ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አባዬ በቃ ሲለኝ ተውኩት።

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ትንሽ የእጅ ፓምፕ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ገፋሁ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ወጣ፣ ቆይቶ አረፋና ናፍታ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍታ። አባዬ ቁልፉን አዞረ። ወይዘሮዋ አንዴ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ ከዚያ ተነሣች። አጠፋናት፣ አስነሣናት፣ እንደገና አጠፋናት። መጋጠሚያውን በነጭ ወረቀት ጠረግኩት። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

መጋጠሚያውን ከየት እንዳመጣሁት ለአባዬ ስነግረው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለ። ቅዳሜ ብረት ገዢው ሲመጣ ሞተሯ እየሠራ ደረሰ። አባዬ ቃሉን ስላጠፈ ይቅርታ ጠየቀው፤ የመጋጠሚያውንም ዋጋ እጁ ላይ አኖረለት። ሰውዬው አጎንብሶ መጋጠሚያውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። «የገዛ ምርቃቴ ገበያዬን በላው» አለ። ደግነቱ እየሳቀ ነው የሄደው።

ዛሬ ሰኞ ትምህርት ስላልነበረኝ ከአባዬ ጋር ሄድኩ። ጡቡን አፍ እስከ ገደፏ ጫንናት። ስትጠፋበት የነበረውን ዳገት ስትጀምረው አባዬ አያወራም፣ እኔም አልተነፍስም። እያጓራች፣ እያዘገመች ወጣች። አናቱ ላይ ስንደርስ አባዬ ሬዲዮኑን ከፈተ። አራግፈን ስንመለስ ካቦው የት ጋራዥ እንዳሠራት ጠየቀው። አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና «ጋራዡ ይቺ ናት» አለው። ወንድም ጋሼ፣ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ቁመቴ ስለጨመረ በር ስገባ ጎንበስ እላለሁ።

እማዬ ዓይንህን ትስማለች፣ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ ትላለች። እማማ ጉልበትህን ይስማሉ፤ የራሳቸውን ጉልበት ደግሞ መድኃኒት ላክለት ይላሉ። ትንሹ ወንድማችን እኔም መብራት ይዣለሁ ብለሽ ጻፊ ብሎኛል፤ ውሸቱን ነው፣ ተኝቶ ነበር። ጋሼ ይቅርታ ከሚለው ቃል ጋር ስለማይተዋወቁ ሦስት ጊዜ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ገብቶሃል። ለሚያንኮራፋው ጓደኛህም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባዬን ምን ልበልልህ ስለው መስተዋቱን እየወለወለ ነበር። ወደ እኔ ሳይዞር «ትምህርቱን ይጨርስ። መኪናዋ ሰው አላት በይው» አለኝ።

ታናሽ እህትህ

ከወይዘሮዋ ጋቢና ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደግፌ
ሰኞ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን