ሐሙስ የሚደውለው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን አያታችን ጎንደር ሳለን «ጤና ሳይጠይቅ ወሬ የሚጀምር ደብዳቤ ከሌባ የመጣ ነው» ይሉ ስለነበር ጠየቅሁህ። እኛ ደህና ነን። እማ ወደ ፋብሪካው ተመልሳለች። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው።

አንተ ከተቀበርህ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። የሰባቱ ቀን ሐዘን፣ የሺብዓው መጨረሻ ቀን አጎታችን አቻምየለህ ሽማግሌዎቹን ሳሎን ሰበሰበ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አያታችን እዚያ ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው አለ። የመግቢያ ፈቃዳቸው ደርሶ እዚህ እስራኤል ሲገቡ፣ ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ሄደው በወጉ ይነግሯቸዋል ተባለ። እማ «አርብ አርብ እሱ ይደውልላቸው ነበር፤ አሁንስ ማን ይደውል?» ስትል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃችን አንድ ነው ይሉን የለ።

በመጀመሪያው አርብ አንተን ሆኜ ደወልሁ። «በዚህ ሳምንት ምን ተማርህ?» አሉኝ። የሂሳብ ትምህርትህን ለእሳቸው እንደምትተርክላቸው መች አውቄ። ፈተና ላይ ነኝ ብል፣ «ፈተና ትምህርት አይደለም፤ የተማርኸውን ንገረኝ» ብለው ያዙኝ።

ስለዚህ መጻሕፍትህን ከፈትሁ። ያልገባኝን ይዤ ካርሜ ጋት ሰፈር ወደ ኦዴድ፣ ቤር ሼቫ ዩኒቨርሲቲ አብሮህ በባቡር ይመላለስ ወደነበረው ጓደኛህ ሄድሁ። «የሁለተኛ ደረጃ ባግሩት ፈተናህን ሳትጨርስ ዲግሪ ልትሰርቅ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን አስተማረኝ። አንድ ነገር ሐሰት መሆኑን ለማሳየት እውነት ነው ብለህ ትነሳለህ፤ የማይሆን ነገር ላይ እስኪጥልህ ድረስ ትከተለዋለህ። ይህንን ለአያታችን ስነግራቸው፣ «ይኸማ የሽማግሌ ችሎት ነው፤ ውሸታም እስኪደክመው ይናገር ይባላል» ብለው ሳቁ።

ትምህርቱን ወደድሁት። ጃኬትህንም መልበስ ጀመርሁ። ስደውል እማ ከበሩ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች፤ ጥላዋ በበሩ ሥር ይታየኛል። አንድ አርብ ስወጣ በስምህ ጠራችኝ። አቤት አልሁ። ሁለታችንም አላረምነውም።

ከዚያ አንድ ቀን ስለ ቁጥሮች ሳወራ አያታችን፣ «ሐሙስ ከነገርኸኝ ይኸኛው ይቀላል» አሉኝ።

የትኛው ሐሙስ አልሁ።

«አትቀልድ። ማለቂያ ከሌለው ነገር የሚበልጥ ሌላ ማለቂያ የሌለው አለ ያልኸኝ ነዋ።»

እኔ ሐሙስ ደውዬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገርም ሰምቼ አላውቅም። ኦዴድን ብጠይቀው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከአንተ ጋር የተቀመጠበት የመጨረሻ ትምህርት እሱ ነበር፤ ወጥታችሁ እስከ ጣቢያው ስትከራከሩበት ነበር አለኝ። ማን ነገረህ ሲለኝ መጽሐፍህን አንስቼ ወጣሁ። ስልክህ በእማ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መስመሩም ከተዘጋ ቆይቷል። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ሐሙስ ያልኸውን ይጨምሩልኛል። አንዳንዱን ኦዴድም አያውቀውም።

ባለፈው አርብ ፈቃዱ መድረሱን ነገርኋቸው። በሚመጣው ሰንበት ማግስት ይገባሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ «ያን የውሸታሙን መንገድ እስከ መጨረሻው ተከተልነው» አሉ። «የማይሆነው ነገር ላይ ደረስን እኮ ልጄ።»

ከዚያ በተለመደው ድምፃቸው፣ «ታናሽ ወንድምህስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ደህና ነው አልሁ።

«አንድ ቀን እንኳ አልደወለልኝም። ከአይሮፕላኑ ስወርድ የእሱን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ በለው። አጎትህንም፣ ሽማግሌዎቹን በንጋት አታንገላታቸው በለው።»

ስለ ሽማግሌዎቹ ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ለአጎታችን እስካሁን አልተናገርሁም። ለእማ ግን ነገርኋት። ጃኬቱን ከትከሻዬ አውልቃ አጠፈችውና በስሜ ጠራችኝ። ስሜን ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። አይሮፕላን ማረፊያው የምሄደው እኔው ነኝ፤ የምናገረውንም እስካሁን አላውቀውም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ለእሳቸው ደውለህ ስትጨርስ ጊዜ ካለህ ለእኔም ደውልልኝ፤ ያ የሚበልጠው ማለቂያ የሌለው ምን እንደሆነ ኦዴድ በደንብ አላስረዳኝም።

ፈጣሪ ነፍስህን ከአባቶቻችን ጋር ያሳርፍልን። የአያታችንን መንገድ ያቅናልን፤ የእማንም እንቅልፍ ይመልስላት።

ታናሽ ወንድምህ
ከቂርያት ጋት