ኖርካ ወደ ቆላ ስትወርድ መድኃኒቷም አብሯት እንዲወርድ

ኤል አልቶ
ማርች 12 ቀን 2019

ለደጋው ሾፌሮች የጤና መድን ድርጅት
ለክቡር ዋና ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ የሳንባ ደም ስር ግፊት ሕመምተኛ የሆነችው ልጄ ኖርካ ቾኬ ሕክምናዋን በቆላው ከተማ በሞንቴሮ እንድትከታተል እንዲፈቀድላት ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

እኔ አመልካች ሴጉንዲና ላይሜ የድርጅትዎ አባል የሆነው የሚኒባስ ሾፌር የኤፍራይን ቾኬ ባለቤት ነኝ። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ጉዳዬን በመስኮት በኩል ደጋግሜ ባመለክትም መፍትሔ ስላጣሁ ወደ እርስዎ ለመምጣት ተገድጃለሁ።

1. ኖርካ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ ሚኒባስ በር ላይ ቆማ «ሴሃ! ፔሬስ! ፕራዶ!» እያለች መንገደኛ ትጠራ ነበር። ገበያው መሐል ያለ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ግን ሦስቱን ሰፈር በአንድ ትንፋሽ መጥራት አቃታት። «ሴሃ» ትልና በሩን ይዛ ታርፋለች። ከንፈሯም መጥቆር ጀመረ። አንድ መንገደኛ «አንቺ ወያላ፣ ይሄን ሊፒስቲክ ከየት ገዛሽው? ለሚስቴ ልውሰድላት» ቢላት፣ «አይሸጥም ጋሼ፣ ከብርዱ ጋር በነጻ ነው የሚታደለው!» ብላ መኪናውን ሙሉ አሳቀችው። አባቷም አብሮ ስቆ ነበር። በዚያው ሳምንት ራሷን ስታ ከመኪናው ደረጃ ላይ ወደቀች።

2. ጎረቤት ሁሉ ለከፍታ ሕመም የሚጠጣውን የኮካ ቅጠል ሻይ እያፈላ መጣ። አማቴ «ተራራ የወለደውን አይገድልም፤ ልጅቷ ደም አንሷት ነው» አሉ። እኛም አምነናቸው ነበር። የልብ ሐኪሟ ዶክተር ኢልሴ ቴራሳስ ግን ልቧን በአልትራሳውንድ ካዩ በኋላ፣ በአንገቷ ደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ለኩ። ከልቧ ወደ ሳንባዋ የሚሄዱት ደም ስሮች ጠበዋል፤ የልቧ ቀኝ ጎን ደሙን በዚያ ጠባብ መንገድ ለመግፋት ሲታገል አብጧል።

ባለቤቴ «የትኛው መድኃኒት ነው እንደ ድሮዋ የሚያደርጋት?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯም «እንደ ድሮዋ የሚያደርጋት የለም ዶን ኤፍራይን፤ በሽታው እንዳይገሰግስባት የሚይዝልን ግን አለ» አሉት። ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱን። ደም ስሩን የሚያላሉ ሁለት ዓይነት ክኒኖች አሉ፤ ለእሷ ሁለቱም ባንድ ላይ ያስፈልጓታል። እግሯ ሲያብጥ ውኃውን የሚቀንስ ክኒን ትወስዳለች። ኦክስጅን ከቤት መጥፋት የለበትም። ይህ ሁሉ ካልያዘላት ሌት ተቀን በደም ስር የሚገባ መድኃኒት ይሞከራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሳንባ ንቅለ ተከላ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኛ ሩቅ ነው። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከሁሉ በፊት ግን ከዚህ ከፍታ አውርዷት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። የእኔ መድኃኒት ያላላውን የእናንተ ከተማ መልሶ ያጠበዋል» አሉን።

3. የታዘዝነውን ፈጸምን። ከገና በፊት ሞንቴሮ ወዳለችው እህቴ ወደ ኤውሎሂያ ይዣት ወረድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሙቀቱ ሲመጣ ነቅታ «እማ፣ የሚበላ የለም?» አለችኝ። ምግብ ከጠየቀችኝ ስንት ጊዜዋ! በሳምንቱ የኤውሎሂያን ካሳቫና የሙዝ ጥብስ እየበላች፣ መንገድ ላይ ሳትቀመጥ እስከ ገበያ ትሄድ ጀመር። ከንፈሯ ቀላ። ለአባቷ ደውላ «አባ፣ እዚህ አየሩ ይበላል እኮ!» አለችው። እሱም «ታዲያ ብቻሽን አትጨርሺው፣ ለእኛም አስቀሪልን» አላት። ክቡር ዳይሬክተር፣ ልጄን መልሼ ያገኘኋት በዚያ ወር ነው።

4. ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ለሞንቴሮ ቅርብ በሆነችው በሳንታ ክሩስ ወዳለው የድርጅትዎ ቅርንጫፍ ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ካርዷን አይቶ «ይሄ የኤል አልቶ ነው፤ እዚያ ሄዳ ትውሰድ» አለኝ። «እዚያ መተንፈስ አትችልም ልጄ» ስለው፣ «ይገባኛል እናቴ፤ ሲስተሙ ግን አይከፍትልኝም» አለ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ ለመግዛት ደግሞ አቅማችን አይፈቅድም። ዶክተሯ ክኒኑ በፍጹም እንዳይቋረጥ አስጠንቅቀውን ነበር፤ ተቋረጠ። እግሯ አበጠ፤ ማታ ማታ ማሳል ጀመረች። ምርጫ ስላልነበረኝ መልሼ ወደ ላይ አወጣኋት። ዳገቱን ሳንጨርስ አውቶቡሱ ውስጥ ክንዴ ላይ ዝልፍልፍ አለች። ሾፌሩ የራሱን መኪና የኦክስጅን ጠርሙስ አውጥቶ ባይሰጠን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

5. ኤል አልቶ እንደደረስን ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ ስትወጣ ለመሥሪያ ቤትዎ አመለከትን። የተሰጠን መልስ ታካሚዋ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የምትዛወረው አባቷ እዚያ ሲሠራ ብቻ ነው የሚል ነው። ኤፍራይን መስመሩን ትቶ ቢወርድ ግን እዚያ ቦታ የሚሰጠው ማኅበር የለም፤ አባልነቱ ይሰረዛል፤ ካርዷም ከዚያው ጋር ይሞታል። ስለዚህ ደንቡ ልጄን የሚላት፦ አየር ባለበት መድኃኒት የለሽም፤ መድኃኒት ባለበት አየር የለሽም። ደንቡን ያወጡ ሰዎች ይህን አስበው እንዳላወጡት አምናለሁ።

6. ከእኛም ቤት ችግር አልጠፋም። ኖርካ ዳግመኛ አልወርድም ብላ ነበር። «ጓደኞቼ ዘንድሮ ይመረቃሉ። እዚያ እንደ እንግዳ ተቀምጬ፣ ክኒን ሲያልቅ ደግሞ እንደ ዕቃ ልመለስ? አንዴ እዚሁ ይለይልኝ» አለች። አባቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ስሚ ወያላዬ፣ ሾፌሩ ማነው?» አላት። «አንተ።» «መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ማነው?» «አንተ።» «እንግዲያው ውረጂ።» ስታለቅስ ቆይታ «አንተስ?» አለችው። «እኔማ እዚህ እየነዳሁ ካርድሽን እጠብቃለሁ» አላት። ከዚያ መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ወጣ። መኪናው ምንም አልሆነም ነበር።

7. ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ) አባቷ እዚሁ በአባልነቱ እንደጸና፣ ኖርካ መድኃኒቷን ከሳንታ ክሩስ ቅርንጫፍ ሳይቋረጥ እንድትወስድ፣

ለ) ዶክተር ቴራሳስ ያዘዙትና የድርጅትዎ የመድኃኒት ኮሚቴ «በአንዱ ይሞከር» ብሎ ያቆየው ሁለተኛው ክኒን እንዲፈቀድላት፣

ሐ) ለቤት የተሰጣት የኦክስጅን መሣሪያ አብሯት እንዲሄድ

መመሪያ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሦስቱንም መፍቀድ የማይቻል ከሆነ የመጀመሪያውን ይፍቀዱልን። እሱም የማይቻል ከሆነ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ዶክተሯ ሌላ ክረምት እዚህ እንዳታሳልፍ ብለዋል። ብርዱ ደግሞ ደጃፋችን ደርሷል። በመሆኑም ፊርማዎን ለመጠበቅ ጊዜ ስለሌለን፣ በእጃችን ያለውን ክኒን ይዘን የፊታችን ሐሙስ እንሄዳለን። ውሳኔዎን በእህቴ በኤውሎሂያ ላይሜ አድራሻ፣ ሞንቴሮ፣ ከማዕከላዊው ገበያ ጀርባ እንዲልኩልኝ አሳስባለሁ። መልሱ እምቢ ከሆነም ወደዚያው ይላክልኝ። እሱን ለመቀበል ልጄን ወደ ላይ አላወጣትም።

ከእናት አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሴጉንዲና ላይሜ
የታካሚዋ እናት