ግድግዳው ላይ ያስጻፍነው

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ አብደላ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? የወራቤ ብርድ በረታባችሁ ወይስ ገና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ድምፄ እንደማይሰማዎ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት፤ ወንድሜ ኑሕ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ያኔ እጄን መርፌ ወግቶኝ ጤና ጣቢያ መመላለሴን ሰምተው፣ ቆሻሻ መለየቱን ትቼ እንድመጣ ልከውብኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ልቤ ስላልቆረጠ ነው።

መቼም መሥሪያ ቤታችንን ቢያዩት ይስቃሉ። ከቆሼ ዝቅ ብሎ ያለ ግቢ ነው፤ የምንለየው ፕላስቲክ ነው፤ ግድግዳው ግን ከሚኒስቴር አያንስም። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት ተደርድሮበታል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል፤ ከጭነት መኪና በቀር የሚገባ ደንበኛ ግን አላየሁም። በ2022 ከአፍሪካ ቀዳሚ እንሆናለንም ይላል፤ አሁን ስንተኛ እንደሆንን የነገረን የለም።

ባለቤቱ አቶ ሰይፈሥላሴ ከሥልጠና ተመልሰው፣ በሩ አጠገብ ላለው ባዶ ግድግዳ ሠራተኛው ራሱ መፈክር ያውጣ አሉ። አንዷ በሥራችን እንኮራለን ይባል አለች፣ ሌላዋ ነገን ዛሬ እንገንባ። አጠገቤ የምትሠራው ዘመነች፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል የማትናገረው፣ ተነስታ «ያለ ጓንት ሥራ የለም» አለች። አቶ ሰይፈሥላሴ ሳቁና መፈክር ልብ የሚያነሳሳ መሆን አለበት አሏት።

«የእኔን ልብ የሚያሳርፈው ይኸው ነው» አለቻቸው።

የእሷን የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እኔም በፋሻ የተጠቀለለውን አወጣሁ። እሳቸውም አይተው ቀለም ቀቢ አስጠሩ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ለግድግዳ ማሳመሪያ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን መኪናው ሞልቶ ሲገባ ጓንት አልቆ ተገኘ። አቶ ሰይፈሥላሴ ለዛሬ ብቻ ተጠንቅቃችሁ ሥሩ አሉን። የተከራከራቸው የለም። ዘመነች ብቻ ሄዳ ጽሑፉ ሥር ተቀመጠች፤ እኛም አንድ በአንድ ተከተልናት። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ራሳቸው ታክሲ ይዘው ጦር ኃይሎች ሄዱና በካርቶን ሙሉ ጓንት ተሸክመው ተመለሱ፤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አባቴ፣ ሁለቱንም አከበርኳቸው። እዚህ መቆየቱን መርጫለሁና አይቀየሙኝ፤ ዱዓዎ አይለየኝ።

የእናቴን የነኢማን ጉልበት ስሜያለሁ። ኑሕ በትምህርቱ ይበርታ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ አየለችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እህቴ ሃፊዛ በጽሑፌ ማማር ከተገረመች፣ በዚያችው በተወጋችው እጇ ነው የጻፈችው በሏት።

ልጅዎ አልፊያ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.