አሥራ ሰባቱ መስመሮች

ሰኞ

ጠፉ። አሥራ ሰባቱም።

ዓርብ ዕለት በድርቁ ወላጅ ያጡ ልጆች ካሉበት ማቆያችን አሥራ ሰባት ሕፃናት ተጭነው ሄደዋል፤ ግማሾቹ ወደ ደብረ ዘይት፣ ግማሾቹ ወደ ናዝሬት። ማን የት እንደሄደ በዚያው ዕለት ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ፣ ለአንድ ልጅ አንድ መስመር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው የሦስት ሳምንት አሮጌ ዝርዝር ነው ያለው፤ ማን የት እንደሄደ የሌለበት።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኖቻችን ሦስት ናቸው፤ አንዱ እዚህ ኮልፌ፣ አንዱ ጦር ኃይሎች ዋናው ቢሮ፣ አንዱ አየር ጤና ክሊኒኩ። እርስ በርስ አይገናኙም። ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ በአውቶብስ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከማሽኑ ወደ ዲስኩ መገልበጥ ሲገባኝ ከዲስኩ ወደ ማሽኑ ገለበጥኩት። አሮጌው አዲሱን በላው። ቸኩዬ ነበር፣ እናቴን ወጌሻ ቤት ማድረስ ነበረብኝ። ይህን ለማን ብዬ እናገራለሁ?

የየልጁ ታሪክ የተጻፈባቸው የወረቀት ካርዶች ቢኖሩ ምንም አልነበረም። ባለፈው ወር ጓድ ኃላፊው «ዘመናዊ መሣሪያ መጥቶ ወረቀት ቤቱን ያጨናንቃል?» ብሎ ሁሉንም አስጭኖ ቆሼ አስደፋቸው።

ለነስሩ ብቻ ነገርኩት። የዋናው ቢሮ ማሽን በሱ እጅ ነው። ወደ ሁለቱም ከተሞች ደወለ። ልጆቹ ደርሰዋል፣ ዝርዝር ግን አልያዙም፤ ዝርዝሩን በኋላ የምልከው እኔ ነበርኩ። ትንንሾቹ ስማቸውን እንኳን አያውቁም።

«ዝም በይ፣» አለኝ ነስሩ። «አሻጥር ነው ይሉሻል። ለስሕተት የሚሆን ቃል የላቸውም።»

ማክሰኞ

ፈጣሪ አንድ ቀን እንኳን አልሰጠኝም።

ከወሎ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ይመር አሊ ይባላል። ዕድሜው ከአርባ አይበልጥም፣ ፊቱ ግን የስድሳ ነው። በድርቁ ጊዜ ሚስቱ ሞታበት፣ ታማ የነበረች ልጁን መጠለያ ትቶ እህል ሊቀበል ሲሰለፍ፣ ከሰልፉ ላይ ለሰፈራ ጫኑት። ወለጋ ወረደ። ልጅቷ ዘይነባ ትባላለች። አሁን ሰባት ዓመት ይሆናታል። እዚህ እንዳለች ከአንድ የአገሩ ሹፌር ሰምቶ ነው የመጣው። እንዴት እንደመጣ አልነገረኝም፣ እግሩን ሳይ ግን አልጠየቅኩትም። ከሰፈራ ያለ ፈቃድ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን።

«እታለም፣ አለች በይኝ ብቻ» አለኝ።

ፈለግኩ። ማሽኑ የኛን ፊደል አያውቅም፤ ስሙን በፈረንጅ ፊደል ነው የምንጽፈው፣ ሦስታችንም በየራሳችን አጻጻፍ። ዘይነባ የለችም። ዘይነብም፣ ዜነባም ብዬ ሞከርኩ፤ አንድ ፊደል ከተለየ ማሽኑ አያገኝም። ከአሥራ ሰባቱ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ልጆቹን በመልክ አስታውሳለሁ፣ ስምና መልክ ማገናኘት ግን አቃተኝ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ!

«ነገ ይምጡ፣ ዛሬ መብራት የለም» አልኩት። አምፖሉ ከራሳችን በላይ እየበራ።

ቀና ብሎ አየው።

ረቡዕ

ቆሼ ሄድን፣ እኔና አቶ ይመር። ካርድ ጠፍቶብን ነው አልኩት፣ ያ ቢያንስ እውነት ነው። ሽታው ልብሴ ላይ አለ፣ ሁለቴ አጥቤው አልለቀቀም።

ቆሻሻ ከሚለቅሙት አንዷን ሴትዮ ጠየቅናት። «ወረቀት እዚህ አያድርም እህቴ፣» አለችን። «ደረቁን ለቆሎ ሻጭ እንሰጣለን፣ እርጥቡን እናነደዋለን።» ያም ሆኖ አብራን ፈለገች። ያገኘነው የአንድ ካርድ ግማሽ ነው፤ የአንድ ወንድ ልጅ፣ የአባቱ ስም የተቀደደ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስንመለስ አቶ ይመር ስለ ልጁ አወራኝ። ከማንም ጋር አትላመድም ነበር። ሕፃን ሳለች ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተቃጥሏል፣ ጠባሳው ሰፊ ነው። ይህን መስማቴ ጠቀመኝ። አንዲት ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ የምትለብስ ልጅ ነበረች፣ ሙቀት ቢሆንም የማታወልቅ። እሷ ትሆን?

ሐሙስ

አየር ጤና። ክሊኒኩ ማሽን ላይ ሲስተር አስካለ የራሷን ዝርዝር ትይዛለች፤ ማን ታመመ፣ ማን ተከተበ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዲስክ አላደረስኩላትም ነበር፣ ስለዚህ የሷ አልጠፋም። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ዝርዝሯ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አገኘሁ፦ ዘነቡ ይመር፣ ሰባት ዓመት፣ ወሎ፣ በኩፍኝ ሞተች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ውኃ አመጣችልኝ። ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ዘይነብ ይማም ይላል፣ ያው ዕድሜ፣ ያው አገር፣ ድናለች። ይመርና ይማም። ከሁለቱ የአንዷ አባት ስም ወደ ሌላዋ ተዛውሯል፣ ወይም አልተዛወረም። ሲስተር የጻፈችው ከኔ ዲስክ ላይ ነው፣ በራሷ አጻጻፍ። እኔ የጻፍኩት ከካርዱ ነው። ካርዱ ደግሞ አመድ ሆኗል።

አቶ ይመር ውጪ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «አልተገኘም፣ ገና ነው» ብዬው አለፍኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ፌርማታው ላይ አውቶብስ ስጠብቅ ጠባሳው ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። ሲስተር አስካለን የሞተችው ልጅ ክንድ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኳት።

«እኔው ነኝ አጥቤ የገነዝኳት» አለች። «ሰውነቷ ንጹሕ ነበር። ጠባሳ አላየሁም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሙሉነሽ፣ በዚያ ሳምንት አምስት ልጅ ነው የገነዝኩት። እርግጠኛ ነኝ ብዬ እንዴት ልማልልሽ?»

ዓርብ

ጠዋት ነስሩ ናዝሬት ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እየጮኸ ነበር የሚያወራው። ክንዷ የተቃጠለ ልጅ አለች? ስልኩን አስቀምጠው ሊያዩ ሄዱ። እኔ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

አለች! ስሟን አልናገር ስላለች ብርቱካን ብለው ሰይመዋታል።

ለአቶ ይመር ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ደጋግሞ፣ ድምፁ ሳይወጣ።

ልጅቷን ለማውጣት ግን የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። ፊርማው እንዲገኝ ደግሞ ዝርዝሩ ለምን እንደጠፋ መናገር አለብኝ። ገባሁና ነገርኩት፤ ዲስኩን፣ ቅዳሜን፣ አሥራ ሰባቱን። የአባትየውን የሰፈራ ነገር ብቻ ዋጥኩት።

ጓድ ኃላፊው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱን እያየ «ካርዱን ማን አስጣለው ብለው ይጠይቃሉ» አለ። እንደፈራ ያኔ ገባኝ። ደብዳቤውን ፈረመ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣና ጥፋቱ የኔ ብቻ መሆኑን በእጄ አስጻፈኝ። መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

አሁን መሳቢያ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

ቅዳሜ

አቶ ይመር በጠዋቱ አውቶብስ ወደ ናዝሬት ሄደ።

እኔና ነስሩ የሦስቱን ማሽን ዝርዝሮች በወረቀት አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ሞግዚቶቹን አንድ በአንድ ጠራን፣ ነስሩ ደወለ፣ እኔ ጻፍኩ። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አራቱን አገኘን። ሦስቱ የማን ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። የሞተችውም ዘነቡ ይማም ሳትሆን አትቀርም፣ አባት ካላት እሱም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። «አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ያወጣነው ሕግ፦

ማንም በሌላው ፋይል ላይ አይጽፍም። ሦስታችንም የየራሳችን ፋይል አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ነስሩ አብረን እናዋሕዳለን።

የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ይኖራል።

ለስም አጻጻፍ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ፣ ግድግዳ ላይ።

አሮጌው ዲስክ አዲሱ በሦስቱም ቦታ ተከፍቶ እስኪታይ አይደመሰስም። ከዚያ ይደመሰሳል፣ አለዚያ የቱ እውነት እንደሆነ መልሶ ይጠፋናል።

በዘይነባ መስመር ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አሰፈርኩ፦ አባት ተገኝቷል፣ ይመር አሊ፣ ከወለጋ ሰፈራ የመጣ። መስመሩ ሙሉ በመሆኑ ደስ አለኝ። ነስሩ አዲሱን ዲስክ ይዞ አየር ጤና ሄደና ማሽኑ ላይ ገለበጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም ማሽኖች አንድ ቃል ተናገሩ።

ሰኞ

መጡ።

ዘይነባ ረጅም እጅጌዋን እንደለበሰች ናት። አባቷን ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ትከተለዋለች። አላወቀችውም። እጇን ሲዘረጋላት ወደኔ ሸሸች፣ ከኔም ጋር ተላምዳ አታውቅም። ዳቦ ሰጠኋት፣ ግማሹን ቆርሳ ኪሷ ከተተች። ያኔ አቶ ይመር እናቷ ትጠራበት በነበረው ስም፣ በሆነ የቤት ስም፣ ቀስ ብሎ ጠራት። ዞር አለች። አልሄደችለትም፣ ግን ዞር አለች።

ሊሰናበተኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እታለም፣ የኔ ስም እዚያ መሣሪያ ላይ አለ?»

«አለ» አልኩት፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ። «ሦስቱም ቦታ።»

«ከየት እንደመጣሁም?»

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ዝርዝሩ ረቡዕ ከሦስቱም ማሽን ታትሞ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።

«አጥፊው» አለኝ። «እሷን ይዤ ወደዚያ አልመለስም።»

የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩትም። በበሩ ሲወጡ አየኋቸው፤ አሁንም ሁለት ክንድ ይራራቃሉ።

የኛውን ማሽን ወዲያው አስተካከልኩ፦ «ከቤተ ዘመድ ጋር ወጣች።» ሌላ ምንም የለም። ለነስሩ ስልክ ደወልኩ፣ ምክንያቱን አልጠየቀኝም፣ የሱንም አጠፋ። የቅዳሜውን ጨምሮ አሮጌዎቹን ዲስኮችም ደመሰስን። ከዚያ አየር ጤና ሮጥኩ።

አካባቢው ሁሉ መብራት ጠፍቷል። ማሽኑ ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል። ሲስተር አስካለ ነገ ይመጣል ትላለች፣ ምናልባትም ከነገ ወዲያ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው። ማሽኑ አጠገብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም።