ድንኳን የተሳሳቱት ለቀስተኞች

ኅዳር 3፣ ከሰዓት

ዛሬም በርናር። ሦስት ገጽ ተረጎምኩ፣ አንዱን ቀደድኩ። አምስት ኪሎ ያለው አሳታሚ በወሩ መጨረሻ ይፈልገዋል። ሠላሳ ዓመት ፈረንሳይኛ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ የደረሰኝ ሥራ ይሄ ነው፦ የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ግድም በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኦክሲታን አገር የኖረ በርናር የሚባል ባላባት፣ የቤተሰቡና የውርሱ ታሪክ። ሰውዬው ሲሞት ሦስት ወንዶች ልጆቹ አንዱን ግንብ ተካፈሉት። እንዴት? ቁልፉን በተራ። እያንዳንዱ በዓመት አራት አራት ወር ጌታ ይሆናል። ሳቅሁ፣ ደብተሬ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እኛም ሦስት ነን፣ ቤቱም አንድ ነው።

እህቴ እትዬ አልማዝ ደወለች። የአባባ አርባ አለፈ፣ እስከ መቼ ነው የምትጎትተው አለች። የወራሽነት ማመልከቻውን አስጽፋለች። እኔ ከፈረምኩ በ24 ፍ/ቤት እንቀርባለን። ልጆች፦ አልማዝ፣ ዳዊት፣ ተስፋዬ። የፊቱ ሱቅ ለሷ፣ የጓሮው ቤት ለታናሻችን ለተስፋዬ፣ የምኖርባት ክፍል ለኔ። "ሌላ ወራሽ የለም" የምትለዋ መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ፈጠነ። እኔም አላስቆምኳትም።

ኅዳር 6

ለማን አወራለሁ፣ ላንተው ልንገርህ። አባባ አፍንጮ በር ከሌላ ሴት የወለዳት ልጅ አለች ይባላል። ሰናይት። ልብስ ትሰፋለች። እማማ በሕይወት እያለችም ይወራ ነበር። አባባ በየቅዳሜው ፀጉሩን ሊስተካከል አፍንጮ በር ይሄድ ነበር። እዚህ እኛ ሠፈር፣ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ፀጉር አስተካካይ ጠፍቶ! መላጣ ከሆነ በኋላም አልቀረም። ማናችንም አልጠየቅነውም።

ለቅሶው ላይ መጥታ ነበር። ድንኳኑ ጥግ፣ ከጎረቤት ጋር ተቀመጠች። በሠልስቱ ደግሞ አንድ የማናውቀው እድር መጣ። ሃያ ሰው ያህል፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ተቀመጡ። ከየት ናችሁ ሲባሉ ከአፍንጮ በር። እትዬ አልማዝ ድንኳን ተሳስተው ነው አለች። በዚያ ሳምንት እታች ሠፈር ሌላ ለቅሶ ስለነበረ አመንናት። ንፍሮ ቀምሰው ሄዱ። ተስፋዬ እስካሁን ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄያለሁ።

ኅዳር 11

በርናር ጉድ አፈላ። ኑዛዜው ላይ ያሉት ሦስቱ ወንዶች ብቻ ናቸው። የመጽሐፉ ደራሲ ግን በግንቡ አጠገብ ከነበረ ገዳም አንድ መዝገብ አግኝቷል፤ መነኮሳቱ የሚጸልዩላቸው ሙታን ስም የተጻፈበት። እዚያ ውስጥ አንዲት መስመር፦ አዛላይስ፣ የበርናር ልጅ። እናቷ አትታወቅም። ከግንቡ አንድ ድንጋይ አልደረሳትም። አባትየው ግን ስትሞት የሚጸልይላት እንዳታጣ አስመዝግቧታል። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይሄ ፈረንጅ የኛን ሠፈር ያውቀዋል እንዴ?

የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ መኮንን የአባባን አባልነት ወደ ስምህ ላዙርልህ፣ ና ካሉኝ ወር አልፏል። እሑድ እሄዳለሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾም ገባ። ማኪያቶ ቀረ፣ ጠባዬም አብሮ ከፋ።

ጋሽ መኮንን መዝገቡን ገለጡ። ሰው እድር ሲገባ፣ እነዚህ ቢሞቱብኝ ድረሱልኝ የሚላቸውን ያስጽፋል። የአባባ ገጽ። ሚስት። ልጆች፦ አልማዝ፣ ዳዊት፣ ተስፋዬ። አራተኛ፣ በሌላ ቀለም፣ ሰናይት። ጽሕፈቱ የራሱ የአባባ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ። ስንት ዓመት ሙሉ ያውቃሉ! ለምን አልነገሩንም አልኳቸው።

"የእድር መዝገብ ለለቅሶ ነው የሚገለጠው፣ ለወሬ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ።

በስተርጅናዬ ልጄ ተባልኩ። ቤት ገብቼም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ኅዳር 16

ለእትዬ አልማዝ ነገርኳት። ተቆጣች። እማማን በመቃብሯ ልታዋርዳት ነው? አራት ከሆንን ቤቱ ለክፍፍል አይመችም፣ ይሸጣል፤ መጀመሪያ መንገድ ላይ የምትወድቀው ደግሞ አንተ ነህ። እውነቷን ነው። እሷ ከባሏ ጋር የሠራችው ቤት አላት፣ ተስፋዬ ኮንዶሚኒየም አለው። የኔ ይቺ ክፍል ናት። አልጋዬ፣ መጻሕፍቴ፣ ጠዋት ጠዋት የጊዮርጊስ ቅዳሴ።

ዝም ብዬ ብፈርም ማን ያውቃል? ጋሽ መኮንን እንደሆኑ አይናገሩም። ይህን አስቤያለሁ፣ ደብተሬ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም

አፍንጮ በር ሄድኩ። አንድ ክፍል፣ የስፌት መኪናዋ በሩ ሥር። ስታየኝ ደነገጠች፣ እርስዎ እያለች ወንበር ጠረገችልኝ። አባባ እድሩ ላይ እንዳስጻፋት ነገርኳት። አታውቅም ነበር። እኔ ብሞት ይመጡ ነበር ማለት ነው አለች። ይመጡ ነበር አልኳት። ተነስታ ከሣጥን ውስጥ የራሷን የእድር ደብተር አወጣች። በሃያ ዓመቷ፣ እናቷ የሞተች ጊዜ፣ ብቻዋን እድር ገብታለች።

"ቀባሪ የለኝም ብዬ ነው የገባሁት" አለች።

ገለጥኩት። አባት፣ የአባባ ሙሉ ስም። እህትና ወንድም፦ አልማዝ፣ ዳዊት፣ ተስፋዬ። ወር በወር ስታዋጣልን ኖራለች፣ እኛ እንኳን ሰላም ሳንላት።

ያኔ ገባኝ። እነዚያ ሰዎች ድንኳን አልተሳሳቱም። የአባቷን ለቅሶ ሊደርሱላት ነው የመጡት። እሷን ግን ጥግ አገኟት፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። ደብተሩን በሁለት እጄ መለስኩላት።

ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሳችም። ስወጣ፣ ጋሼ፣ የኮትዎ ክንድ ተተርትሯል፣ ያውልቁት አለችኝ። ሰፍታ እስክትጨርስ በሸሚዝ ቆሜ ጠበቅኳት።

ኅዳር 23

በርናርን ጨረስኩ። ግንቡ ዛሬ የለም ይላል ደራሲው። የአዛላይስ ስም ግን አለ።

ማመልከቻውን እንደገና አስጻፍኩ። ልጆች፣ አራት። ተስፋዬ አብደሃል ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ለእትዬ አልማዝ ስለ ሰናይት ደብተር ነገርኳት። አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እኔም አለሁበት?"

"ከኔ በፊት ነው የጻፈችሽ።"

ደህና ዋልም ሳትለኝ ዘጋች።

ኅዳር 24፣ 3 ሰዓት፣ ፍ/ቤት ኮሪደር

ጋሽ መኮንን ለምስክርነት መጥተዋል፣ መዝገቡን በፌስታል ይዘው። ተስፋዬ የለም። አግዳሚው ጫፉ ሲቀር ሞልቷል፤ ሰናይት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቤቱ ሲሸጥ የት እንደምገባ አላውቅም። ሌሊቱን ግን ተኝቻለሁ።

እትዬ አልማዝ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ካግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አጠገቧ አኖረች። ሰናይትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አፍንጫዋ ላይ ስትደርስ ቆየች፤ የአባባ አፍንጫ ነው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

"ነይ ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል" አለቻት።

ስም መጥራት ጀመሩ። አልማዝ፣ አለች። ዳዊት፣ አለሁ። ተስፋዬ፣ የለም። ሰናይት፣ አለች።