ሦስቱም ጉድጓዶች በላይኛው በር አጠገብ ስለመቆፈራቸው

ቀን፦ ግንቦት 6

ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሊሠራበት የታሰበው መሬት በታችኛው በኩል እንደገና እንዲመረመር ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ አመልካች ከግንባታው ቦታ ማዶ፣ ከመንገዱ በላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። መልስ አገኛለሁ ብዬም አልጽፍም፤ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።

1. ሕንፃው የሚያርፍበት የታችኛው ሜዳ ቀድሞ ኩሬ ነበር። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት ነበር። ኋላ የፈረሰ ቤት ድንጋይና ቆሻሻ እየተደፋበት ሞላ፤ ሣር በቀለበትና ሜዳ ተባለ። ባለፈው ክረምት ምድር ስትንቀጠቀጥ እኛ ዘንድ ብርጭቆ ከመንቃጨል በቀር ምንም አልሆነም። እዚያ ታች ግን መሬቱ ተሰንጥቆ አሸዋ የቀላቀለ ውሃ ወደ ላይ ሲተፋ በዓይኔ አይቻለሁ። አጥሩም እንደተጋደመ ቀረ።

2. አፈሩን ሊመረምሩ የመጡት ሠራተኞች ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል በሦስት ቦታ ተክለው ነበር፤ አንዱን ላይ በሩ አጠገብ፣ ሁለቱን ታች። መቆፈሪያውን የጫነው መኪና ወደ ታች ሲወርድ ጎማው ሰመጠ፤ ጎትተው እስኪያወጡት ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ሁለቱን ችካሎች ነቅለው ወደ ላይ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ዓለት አዛወሯቸው። ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ሄጄ ለምን ብላቸው አለቃቸው ሳቀብኝ። "እማማ፣ ያው አንድ ግቢ አይደል? እንደገና ብንሰምጥ እርስዎ ይጎትቱናል?" አለኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ደክሞት ነበር። ግን ጉድ እኮ ነው፤ አንድ መኪና መሸከም ያቃተው መሬት ሰባት ፎቅ ሊሸከም ነው? ሪፖርቱ "መሬቱ ዓለታማና ለግንባታ ተስማሚ ነው" ይላል። ውሸት የለበትም፤ የተቆፈረው ዓለት ነዋ።

3. በመሥሪያ ቤትዎ የሰማችኝ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ብቻ ናት። አብራኝ ወደ ታች ወርዳ የፌሮ ብረት ቁራጭ መሬቱ ውስጥ በእጇ ብትገፋ ያለ ምንም ትግል ገባላት። ፊቷ ተለዋወጠ። ለበላይ እንደምታሳውቅ ነገረችኝ። አሳውቃ መሰለኝ፣ ተመልሼ ስጠይቅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች ተባልኩ። በወንበሯ የተተካው ሰው ሪፖርቱ ማህተም ካረፈበት በኋላ ምንም እንደማይደረግ ነግሮ ሸኘኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ነው የምናውቀው፤ እናንተ ዘንድ ግን ቅጠል የያዘ ሰው ነገረኛ ነው የሚባለው።

4. ሰፈሩ ደግሞ ምቀኛ ብሎኛል። አንድ ልጄ በዚሁ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ወጥቶለታል፤ ሚስቱም እርጉዝ ናት። በገዛ ልጄ ልመቀኝ? ዕጣው የወጣለት ቀን አቅፎ አንስቶ አሽከረከረኝ። ስለ ኩሬው ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ። "እማዬ፣ ዕድሜ ልኬን በሰው ቤት ልንከራተት?" ብሎኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ልጄ ናፍቆኛል።

ስለዚህ ችካሎቹ መጀመሪያ በተተከሉበት በታችኛው በኩል መሬቱ እንዲቆፈር፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋውም እንዲጠና በትሕትና እለምናለሁ። እንደማይሆን አውቃለሁ፤ መሠረት የሚቆፍረው ማሽን ትናንት ገብቷል።

ይህ ካልሆነ አንድ ነገር ብቻ ይደረግልኝ። የልጄ ቤት ወደ እኔ ስም ይዛወር። የእኔ ቤት አንዲት ክፍል ብትሆንም የቆመችው ዓለት ላይ ነው፤ እነሱ ከነሕፃናቸው እዚህ ይግቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ እኔ እኖርበታለሁ።

ከእናት ሰላምታ ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)