ዓሣ የማይጠመድበት ቦታ

ሚያዝያ 9
ዳቡስ ወንዝ ሄድኩ። ከአሶሳ በሚኒባስ፣ ከባምባሲ በሞተር። ውሃው ቀጥኗል፣ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ፤ አንዱ 22 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 14። ትንሹን ወደ ውሃው መለስኩት። አብዱልሐሚድ ከት ብሎ ሳቀ።
"ኡስታዝ፣ ይሄ ፈተና ወደቀ?"
መምህር ስለነበርኩ ኡስታዝ ይለኛል፤ ሰባት ዓመት አብረን ስንጠምድ መለካቴን አልለመደውም። እሱ ሲሰግድ የእሱንም መንጠቆ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ግንቦት 28
ዝናብ ገባ። አብዱልሐሚድ ትንሿን ገባር ይዞ ወደ ላይ ወሰደኝ። ሳር የዋጠው ረግረግ... አምባዛ በክረምት እንቁላሏን ልትጥል የምትገባው እዚህ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም አባቱም አያቱም መንጠቆ አልጣሉበትም።
"አምባዛ ያኔ አራስ ነው። አራስ ቤት ወንድ አይገባም። ለሰው እንዳትናገር፣ ኡስታዝ።"
እሺ አልኩት። ቤት ስገባ ግን ሣልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ያየውን ሳይስል አያድርም።

ሰኔ 17
አንዷለም መጣ። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ከጓደኞቹ ጋር የዓሣ ማኅበር አቋቁመዋል። መረባቸው ዓይኑ ጠባብ ነው፤ ገሠጽኩት።
"ቲቸር፣ ሁሉም ይከለክለናል። ለምን እንደሆነ የሚነግረን ግን የለም።"
እውነቱን ነው። ተማሪ ምክንያቱን ካወቀ ያከብራል... ይህን ሁሌም አምናለሁ። ካርታውን ገልብጬ ሰጠሁት። ረግረጉን በቀይ ከበብኩና ከጎኑ ጻፍኩ፦ "ከሐምሌ እስከ መስከረም አይጠመድበትም። አምባዛ እንቁላል ለመጣል በብዛት ይገባል።"
ቃሌን አፈረስኩ? ቦታውን ለማዳን ነው።

ሐምሌ 24
ዝናብ። ጉልበቴ። አልሄድኩም።

ነሐሴ 6
የአብዱልሐሚድ ምራት ነዕማ ድልድዩ አጠገብ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ዛሬ መጥበሻዋ ተደፍቷል።
"ዓሣ ጠፋ?"
"ዓሣማ ሞልቷል። በባጃጅ እየተጫነ ሄደ። የእርስዎ ተማሪዎች አይደሉ? ጎበዞች ናቸው፣ በደንብ አስተምረዋቸዋል።"
ገባሩ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አፉን በመረብ ዘግተው ከላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በትነውበታል። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ መልቀም ብቻ ነው። የትልልቆቹን ሆድ እዚያው ዘርግፈው ወስደዋቸዋል፤ እንቁላሉ ሳሩ ላይ ተዝረክርኳል፣ ዝንብ ወሮታል። ትንንሾቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ውሃው ላይ...
አልለካሁም። አልቆጠርኩም።

ነሐሴ 8
አንዷለምን ጠየቅኩት። አልካደም።
"በብዛት ይገባል ብለው ጽፈውልን፣ ቲቸር..."
"ከሱ በፊት ያለውን አላነበብከውም?"
"አንብበናል። አንድ ክረምት ብቻ ብለን ነው።"
ካርታውን ከኪሱ አወጣው። እንዳይረጥብ በፕላስቲክ አስለብጠውታል። የእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ነሐሴ 12
አብዱልሐሚድ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም።
"ለምን ጻፍከው?"
ሻይ አስቀዳልኝ። ባያስቀዳልኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 20
ውሃው ጠርቷል። ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፣ ምንም የለም። አብዱልሐሚድ አልመጣም። "ያመዋል" አለች ነዕማ፣ ፊቴን ሳታይ።

ጥር 14
አንድ ቆሮሶ። አምባዛ የለም። አምና በዚህ ቀን አራት ብዬ ጽፌ ነበር። የነአንዷለም ማኅበር ፈርሷል፤ እሱ ወርቅ ፍለጋ ኩርሙክ ሄዷል አሉ። በማን ልቆጣ?

መጋቢት 3
ባምባሲ መናኸሪያ አብዱልሐሚድን አየሁት። የማጥመጃ ዘንጉን ተሸክሟል፣ በእጁ የትል ቆርቆሮ። እንደ ልጅ ጮኼ ተጣራሁ። ቆመ፣ ጨበጠኝ። ልጆቼን ጠየቀ፣ ጉልበቴን ጠየቀ፣ ሁሉንም በየተራ።
"ወዴት ነው?"
ዘንጉን አየት አደረገ።
"ገበያ።"
"መልካም ገበያ" አልኩት።
ሞተር ላይ ወጣ። በየት በኩል እንደታጠፈ አይቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም።